ባዶ መሬት የት ነበር?

ልጆቻችን የሚያዩአቸው ፊልሞች፣ የሚጫወቷቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች፣ ከውጭ የሚመጡት ወፋፍራም የምናብ መጻሕፍት አንድ የሚወዱት ታሪክ አላቸው። አንድ የጎሣ አለቃ አለ። አገሩ ላይ መከራ ይወርዳል፤ ወይ በረዶ ነው፣ ወይ ጭራቅ ነው፣ ወይ ረሃብ ነው። አለቃው ጦሩን ይዞ ኮረብታ ላይ ይወጣና «ተነሡ፣ እንሂድ!» ይላል። ሕዝቡም ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ይከተለዋል። ወንዝ ይሻገራሉ፣ ተራራ ይወጣሉ፣ የደከመው መንገድ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ ጉሙ ይገለጥና አረንጓዴ ሸለቆ ከፊታቸው ይዘረጋል። አለቀ። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ስም ዝርዝር መውረድ ይጀምራል።

እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ያ ሸለቆ ነው። እንዲያ ያለ ለም መሬት፣ ወንዝ በመሐሉ የሚያልፍበት፣ እንዴት ሰው ሳይሰፍርበት ቆየ? መልሱ ቀላል ነው፤ ደራሲው ስላልፈለገ ነው። በምናብ ዓለም መሬትን ባዶ ለማድረግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

በእውነተኛው ዓለም ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኦሪት እንኳ የእስራኤልን ጉዞ ስትተርክ የተስፋይቱን ምድር ነዋሪዎች በስማቸው ትጠራለች፤ ከነዓናዊ፣ ኬጢያዊ፣ አሞራዊ፣ ኢያቡሳዊ እያለች። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከኬፕ ተነሥተው በበሬ ጋሪ ወደ ሰሜን የነጎዱት ቦዎሮች የደረሱበት አገር ሰው ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1847 ብሪገም ያንግ ሞርሞኖቹን ይዞ የወረደበት የሶልት ሌክ ሸለቆም የሕንዶቹ መዋያ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡን ወደ አዲስ አገር የመራ ሰው ታሪክ ሲወራልን መጠየቅ ያለብን «እንዴት ደረሰ?» ብቻ አይደለም። ሲደርስ ያገኛቸውን ሰዎች ምን አደረጋቸው? ከእርሱ በኋላ ለሚመጡትስ ምን ዓይነት ሕግ ትቶ አለፈ?

ለዚህ ጥያቄ ወለጋን የመሰለ ትምህርት ቤት የለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮ አድርጎ ነቀምቴ የሚገባው የ330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ራሱ የአንድ ትልቅ ጉዞ አቅጣጫ ነው። የሜጫ ኦሮሞ አባቶች በዱከም አካባቢ ካለው ከኦዳ ነቤ ከወንድሞቻቸው ከቱለማዎቹ ተለይተው ወደ ምዕራብ የነጎዱት ወደዚሁ ማዶ ነው። ዘመኑም 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ሁለተኛ አጋማሹ ነው። የኢማም አሕመድ ጦርነት ሁለቱንም ወገን አድቅቆ ያለፈበት፣ የንጉሡም የሱልጣኑም ክንድ የዛለበት ጊዜ።

ስለዚህ ጉዞ በቅርብ ሆኖ የጻፈልን የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በግእዝ የጻፈው ድርሰት አጭር ነው፤ የተጻፈውም በተቃራኒ ወገን ሆኖ ነው፤ የጸሐፊው አገር ራሱ በዚያ ጦርነት ተዘርፏል። ያም ሆኖ መነኩሴው ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ጠላቱን ያጠና ሰው ነው። ከመልባ ጀምሮ ሙደናን፣ ኪሎሌን፣ ቢፎሌን እያለ እስከ ሙለታ ድረስ ሉባዎቹን በየተራ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ሉባ ስምንት ዓመት ሥልጣን ይይዛል፤ ተራው ሲደርስም ከርሱ በፊት የነበሩት ያልደረሱበትን አገር መውጋት ይጠበቅበታል። ከዚያ መነኩሴው ወደ ራሱ ወገን ዞር ብሎ «እኛ በቁጥር በዝተን፣ መሣሪያም ይዘን እንዴት ተሸነፍን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የዘመኑን ሹማምንት የሚያስደስት አይደለም። የእኛ ሕዝብ ከአሥር ወገን ይከፈላል፤ የሚዋጋው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው መነኩሴ ነኝ፣ ደብተራ ነኝ፣ ዳኛ ነኝ እያለ ይቀመጣል፤ እነርሱ ዘንድ ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉም ጦር ይማራል፤ ነገሩ ይኼ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ በፊልሙ ላይ ያየነው ዓይነት አለቃ የለም። እስኪሞት የሚገዛ፣ ሲሞት ልጁ የሚተካው ጀግና የለም። ጦሩን የሚመራ አባ ዱላ አለ፤ ጉባኤውን የሚመራ፣ ቦኩ የሚጨብጥ አለ፤ ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ግን ቦኩውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ሕዝቡን ወደ አዲስ አገር ያደረሰ ሰው «አገሩ የኔ ነው» ብሎ ዙፋን አልሠራበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ያደነቀው አንዱ ነገር ይኸው የጊዜ ገደብ ነው።

የሜጫ አፈ ታሪክ ከእነዚህ መሪዎች መካከል አንዱን አጥብቆ ያስታውሳል፤ መኮ ቢሊን። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ሜጫ የራሱን ጉባኤ ሲያቆም ሕጉን የደነገገው እርሱ ነው ይባላል። የመኮ ቢሊ ስም ከጦር ይልቅ ከሕግ ጋር ተጣብቆ መቅረቱ ያለ ነገር አይደለም። ሰው ሲበተን፣ ከብት ሲበዛ፣ ጎሣ ከጎሣ በግጦሽ ሲጋፋ፣ ከጦር በላይ የሚያስፈልገው «ይህ ያንተ፣ ያ የእርሱ» የሚል ዳኛ ነው። ቀድሞ ደርሶ ጫካውን የመነጠረ የቀቢዬ መብት አለው፤ በኋላ የመጣ ደግሞ በቀደመው ፈቃድ ይሰፍራል። ርቀቱ ሲጨምርም እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጉባኤ አቆመ፤ በሆሮ ጉዱሩ ያለው ኦዳ ቡሉቅ አንዱ ነው። የጎሣዎቹም ስም መሬቱ ላይ ቀረ። ዛሬ በወለጋ ከተሞች የሚታዩትን የወረዳ ታፔላዎች ብታነቡ የትውልድ ሐረግ የምትቆጥሩ ይመስላችኋል፤ ሌቃ ዱለቻ፣ ሲቡ ስሬ፣ ጅማ አርጆ፣ ኖሌ ካባ፣ ሊሙ፣ ጉዱሩ፣ ሆሮ።

እሺ፣ ከዚያ በፊትስ ታፔላው ላይ ማን ነበር?

ከዓባይ በስተ ደቡብ ጥንታዊው ዳሞት ነበር። ቢዛሞ የሚባል አገር ነበር። ጋፋቶች ነበሩ። ራሳቸውን ቦሮ የሚሉት፣ እኛ ሺናሻ የምንላቸው ነበሩ። ወደ ምዕራብ ጠለቅ ሲባል ማኦዎች ነበሩ፤ ደምቢ ዶሎ አጠገብ ያለው አንፊሎ እንኳ ዛሬም የሚጠራው በቀደሙት ነዋሪዎቹ ስም ነው። ዳሞትን አሁን ካርታ ላይ ብትፈልጉት ግን የምታገኙት ከዓባይ በስተ ሰሜን፣ ጎጃም ውስጥ ነው። ሕዝቡ ወንዙን ሲሻገር የአገሩን ስም እንደ ስንቅ ይዞ ተሻገረ። ጋፋቶችም ተሻገሩ፤ ቋንቋቸው ጎጃም ውስጥ እየመነመነ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቮልፍ ሌስላው የሚባለው ምሁር የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተናጋሪዎች ፈልጎ መዘገበው። ይኼ ኪሳራ ነው፤ በጀግንነት ወሬ አይሸፈንም።

ያልተሻገሩትስ? እዚህ ላይ ነው የወለጋ ታሪክ ከፊልሙ የሚለየው። ለቀሩት ሰዎች የሚሆን ሕግ ነበር፤ ሞጋሳ ይባላል። ቃሉ ስም መስጠት ማለት ነው። አባ ገዳው በጎሣው ሁሉ ስም፣ በሕዝብ ፊት፣ መሥዋዕት ታርዶ፣ እየመረቀ፣ ባዕዱን ወገን ልጅ ያደርገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጃቸው ወዳጁ፣ ጠላታቸው ጠላቱ ነው። የሚቆጥረው የትውልድ ሐረግ ይሰጠዋል። ቢገደል ጎሣው ጉማውን ይጠይቅለታል፤ ቢገድልም ጎሣው ጉማውን ይከፍልለታል። አንድን ልጅ ለብቻው ወደ ቤተሰብ የሚያስገባው ሥርዓት ደግሞ ጉዲፈቻ ነው፤ ቃሉ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ዘልቆ ዛሬ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ የሕግ ስያሜ ሆኖ ተቀምጧል። በልጅነቱ ተማርኮ በኦሮሞዎች መካከል ያደገ አንድ መስፍንም ነበር፤ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን ተምሮ፣ ኋላ ጎንደሬዎቹን ነገሥታት ያስቀደመ ንጉሥ ሆነ። ዓፄ ሱስንዮስ ነው።

ታዲያ ሞጋሳን ሳወድስ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ባቆም ታሪኩን አጣምመዋለሁ። ሞጋሳ ሰውን ከሞት አዳነ፤ ከቤት አስገባ፤ እኩል ግን አላደረገም። ከቀደሙት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ገበሮ ተባሉ፤ ቃሉ «ገባር» የምንለውን ያስታውሳል፤ ትርጉሙም ብዙ አይርቅም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከገበሮዎቹ አምፀው ከዚያው ከሱስንዮስ ጎን የቆሙ ነበሩ። ደምቢ ዶሎ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የኖረው ሆላንዳዊው ቄስ ላምበርት ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ቦረናና ገበሮ የሚለው ልዩነት በሜጫዎች ዘንድ እስከ እርሱ ዘመን ድረስ በሥርዓትና በጋብቻ ውስጥ ይታወቅ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ መቀመጥ ማለት ነው። ቢሆንም በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ውጭ ካደረ ሰው ይሻላል፤ ልጁ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ምድጃው ጠጋ ይላል።

ዘመን ሲያልፍ የመሪውም ጠባይ ተለወጠ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወለጋ ስምንት ዓመት የሚገዛው ሰው ቀርቶ ሞቲ መጣ፤ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ። በሌቃ ነቀምቴ በከሬ ጎዳና የጀመረውን ልጁ ሞረዳ ወረሰ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲማርክ፣ ሞረዳ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አየና ለራስ ጎበና ገባ። ወርቅና የዝሆን ጥርስ እየገበረ አገሩን ራሱ ማስተዳደሩን ቀጠለ። ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማችም ሆነ፤ ነቀምቴ ላይ ያለው ቤተ መንግሥቱ እስካሁን ከተማዋን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ የሚታይ ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት ያልነበራቸው አጎራባች አገሮች ግን ወታደር ተተከለባቸው፤ ገባር ተመደበባቸው። ትናንት መጥቶ የሰፈረው ዛሬ የሰፈሩበት ሆነ። የ«ማን ቀድሞ መጣ» ሒሳብ እንዲህ ነው፤ የቆጠሩት ያህል ቢቆጥሩት ከሥሩ ሌላ ሰው ይወጣል። መሐመድ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊትም በክርስቲያኑ መንግሥት ግዛት ውስጥ የኖሩ የኦሮሞ ወገኖች እንደነበሩ መከራከሩን ስናስብ ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ይወሳሰባል።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ፤ ወደ 1977 ዓ.ም.። ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቃሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ልክ እንደዚያ የፊልም አለቃ ካርታው ፊት ቆመው «ወደ ምዕራብ!» አሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰው በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ተጫነ። ከክፍላተ ሀገሩ ሁሉ ብዙውን የተቀበለችው ወለጋ ናት። ወዶ የሄደ ነበር፤ ራሽን ሊቀበል ወጥቶ የተጫነም ነበር። በምናብ ታሪኩ አለቃው ከፊት ይሄዳል፤ ወንዙን ቀድሞ ይገባል። እዚህ ግን ሕዝቡ ተጓዘ፣ መሪው አዲስ አበባ ቀረ።

የሰፈራው ዕቅድ ያረፈበት ሐሳብ የታወቀ ነው፤ ምዕራቡ «ድንግል መሬት» ነው፤ ባዶ ነው። ያ የደራሲው ዓረፍተ ነገር እንደገና መጣ ማለት ነው። ባዶ የተባለው ለአካባቢው ሰው ግጦሽ፣ ማርና እንጨት፣ ወይም ለነገ ልጁ ያቆየው ጠፍ መሬት ነበር። ቆላው ደግሞ ከወሎ ደጋ ለመጣ ሰው የወባ አገር ነው፤ ብዙ ሰው የተቀበረው ገና ጎጆው ሳይከደን ነው። የአካባቢው ገበሬ ጎጆ ሥራ፣ እህል አዋጣ ተባለ፤ «ይምጡብህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ሰፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ መደበኛ ሲባል በትራክተርና በጋራ እርሻ የሚኖሩበት ነው፤ ሌላው ሰፋሪውን በነባሩ መንደር መሐል የሚያስገቡበት ሲሆን ስሙ ስግሰጋ ይባል ነበር። ስግሰጋ! አንድ ቃል ስንቱን ይናገራል። ሞጋሳ ስም መስጠት ነው፤ ስግሰጋ የሞላ ጆንያ ውስጥ እየገፉ መጨመር ነው።

አሉላ ፓንክረስት ቄለም ውስጥ ቄቶ በሚባለው የሰፈራ ጣቢያ ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ አሳትሞታል። መንደሮቹ የሚጠሩት በቁጥር ነበር፤ መንደር ሁለት፣ መንደር ሦስት እየተባሉ። ሜጫዎቹ መሬቱን በአባቶቻቸው ስም ጠሩት፤ ዳሞቶች ስማቸውን ይዘው ተሻገሩ፤ የ1977ቱ ሰፋሪ ግን የተሰጠው ቁጥር ነው።

ደርግ ሲወድቅ ከሰፋሪው ብዙው በመጣበት መንገድ ተመለሰ። የቀረው ቀረ፤ ኦሮምኛ ተማረ፣ ከነባሩ ጋር እኩል አረሰ፣ ተጋባ፣ ክርስትና ተነሣሣ። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በየጓሮው የራሱን ትንሽ ሞጋሳ አደረገ ማለት ይቻላል። ችግሩ ያንን ውል በሕዝብ ፊት ያጸና፣ ሲፈርስም «እኔ አለሁ» የሚል ዳኛ አለመኖሩ ነው። በ1993 ዓ.ም. ጊዳ ኪረሙ ላይ ግጭት ተነሣና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ዓባይን ተሻግረው ቡሬ ወረዱ። ዳሞቶች ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተሻገሩት ይኼንኑ ወንዝ ነው፤ በዚሁ አቅጣጫ። በ2011 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ተራው የሌላ ሆነ፤ ከካማሺ ዞን ኦሮሞዎች በብዛት ተፈናቅለው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ገቡ፤ ነቀምቴም ተፈናቃይ ተቀባይ ሆነች። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ። መንግሥትና ታጣቂው ቡድን ተካሰሱ፤ ሟቾቹ ተቀበሩ። በኪረሙና በሆሮ ጉዱሩም በእነዚያው ዓመታት የኦሮሞ ገበሬዎች ተገድለዋል፣ ቤታቸው ተቃጥሏል፣ ተፈናቅለዋል። ለቅሶው በሁለት ቋንቋ ነበር።

«ሕግማ አለን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር መብት አለው ይላል። ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን አንቀጽ 32 ቢገደልብኝ ጉማዬን የሚጠይቅልኝ ማን ነው? ከብቴ የጎረቤቴን አዝመራ ቢበላ በማን ፊት ቆመን እንዳኛለን? ነባሩስ «መሬቴ አለቀ» ሲል ማን ይሰማዋል? አሮጌው ሥርዓት እነዚህን ጥያቄዎች በስም የሚመልስ ሰው ነበረው።

ሞጋሳ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ዛሬ ሰውን «ስምህን ጣልና የኛን ውሰድ» ማለት አይቻልም፤ በር አጠገብ ተቀመጥ ማለትም አይገባም። ሊመለስ የሚገባው ከሥሩ ያለው ቁም ነገር ነው። ሰውን ከማምጣትህ በፊት ያለውን ሰው ጠይቅ፤ ሲመጣ በአደባባይ ተቀበለው፤ ከተቀበልከው በኋላ ደሙ ደምህ ነው። መኮ ቢሊን አራት መቶ ዓመት ሲያስታውሱት የኖሩት ሜጫዎች ስለ መንገዱ ርዝመት ብዙም አላወሩልንም፤ ያወሩልን ስለ ሕጉ ነው።

በመንደር ሦስት የተወለደ ልጅ ዛሬ የራሱ ልጆች አሉት። «አገርህ የት ነው?» ሲባል አባቱ ወሎ ይል ነበር፤ እርሱ ወሎን አያውቃትም። ወለጋ ልበል ወይስ አልበል እያለ የጠያቂውን ፊት ያያል። ያ ሰው ፊት ሳያይ የሚመልስበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ያ ጉዞ አልደረሰም።